ከእንክብሉ በፊት ዛላው ይታይ

ሰኞ ማለዳ የባቲ ገበያ ቀድሞ ይሞላል። ከአፋር ቆላ ግመልና ፍየል፣ ከወሎ ደጋ እህልና ጥራጥሬ፣ ከኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን ወረዳዎች ደግሞ ማሽላ፣ ማሾ፣ ቅቤና በርበሬ ይዞ የሚመጣው ሰው እዚያ ይገናኛል። በርበሬ የሚገዛ ሰው ዋጋ ከመጠየቁ በፊት የሚያደርገው ነገር አለ። እጁን ወደ ጆንያው ሥር ሰዶ አንድ እፍኝ ዛላ ያወጣል። ይወዘውዘዋል፣ ሰብሮ ውስጡን ያያል፣ ያሸተዋል። ፍሬው ከተንሿሿ ደርቋል ማለት ነው። ውስጡ ከጠቆረ ወይም ሻጋታ ሻጋታ ከሸተተ ገዥው እጁን አራግፎ ወደ ቀጣዩ ሻጭ ያልፋል።

በርበሬ በዞኑ በየቤቱ የሚበላ፣ ለአምራቹም ጥሬ ገንዘብ የሚያስገኝ ሰብል ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን ስለ በርበሬ ሌላ ዓይነት ወሬ በእጅ ስልክ ይደርሳል። በማኅበራዊ ትስስር ገጾች የሚሠራጩ ማስታወቂያዎች ከበርበሬ ወይም ከቁንዶ በርበሬ ተጨምቀው የተዘጋጁ እንክብሎች ቦርጭ እንደሚያጠፉ፣ ክብደት እንደሚቀንሱ፣ አልፎ አልፎም አጥንት እንደሚያጠነክሩ ይናገራሉ። በተለምዶ “ሰፕሊመንት” የሚባሉት እነዚህ የምግብ ማሟያዎች አንድ ብልቃጥ በሚሸጥበት ዋጋ በርካታ ኪሎ ዛላ ሊገዛ ይችላል። ታዲያ በርበሬ በእርግጥ ክብደት ይቀንሳል? አጥንትስ ያጠነክራል? በርበሬ አምርቶ ለሚሸጠው የከሚሴና የአካባቢው አርሶ አደርስ ጉዳዩ ምን ይነግረዋል?

ሁለት የተለያዩ በርበሬዎች

በማስታወቂያዎቹ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚቀላቀሉ ሁለት ተክሎች አሉ። የመጀመሪያው በጓሮና በማሳ የሚመረተው፣ ሲለመልም ቃሪያ፣ ሲበስልና ሲደርቅ በርበሬ የሚባለው ነው። ሚጥሚጣም የዚሁ ተክል ዘመድ ነው። የሚያቃጥለው ንጥረ ነገር ካፕሳይሲን ይባላል። ብዙ ሰው ማቃጠሉ ከፍሬው የሚመጣ ቢመስለውም ካፕሳይሲን የሚመረተው ፍሬው በተያያዘበት ነጭ ክፍል ነው። ፍሬው የሚያቃጥለው ከዚያ ጋር ስለሚነካካ ነው።

ሁለተኛው ቁንዶ በርበሬ ነው። በአገራችን በደቡብ ምዕራብ፣ በቴፒና በበበቃ አካባቢ የሚመረት፣ በዛፍ ላይ እየተጠመጠመ የሚያድግ ሐረግ ሲሆን የሚያቃጥለው ንጥረ ነገር ፓይፐሪን ይባላል። ስለዚህ “ከበርበሬ የተሠራ” የሚል ጽሑፍ ያለበትን እንክብል የሚያይ ሰው የመጀመሪያ ጥያቄው “ከየትኛው በርበሬ?” የሚል ሊሆን ይገባል። ሁለቱ በሰውነት ላይ የሚያደርሱት ነገር አንድ አይደለም።

ክብደትን በተመለከተ

በርበሬ የበላ ሰው ያልበዋል፣ ትኩሳት ይሰማዋል። ምክንያቱ ታውቋል። ካፕሳይሲን በሰውነት ውስጥ ሙቀትንና ሕመምን የሚለይ ተቀባይ ላይ ያርፋል፤ አእምሮም የሚያቃጥል ነገር የነካ ይመስለዋል። ይህንን ተቀባይ እ.ኤ.አ. በ1997 ይፋ ያደረጉት አሜሪካዊው ተመራማሪ ዴቪድ ጁሊየስ እ.ኤ.አ. በ2021 የኖቤል የሕክምና ሽልማትን ከአርደም ፓታፑቲያን ጋር ተጋርተዋል። ይህ ተቀባይ ሲቀሰቀስ ሰውነት ትንሽ ተጨማሪ ጉልበት ያቃጥላል፤ በአንዳንድ ሰዎችም የምግብ ፍላጎት ይቀንሳል። የእንክብል ሻጮቹ ንግግር መነሻው ይህ ነው።

መነሻው እውነት ቢሆንም መጠኑ ግን ከተስፋው ጋር አይመጣጠንም። የተለያዩ ጥናቶችን አሰባስቦ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ግምገማ የካፕሳይሲን ተጠቃሚዎች በቀን በተጨማሪ የሚያቃጥሉት ጉልበት 50 ኪሎ ካሎሪ ገደማ እንደሆነ አስልቷል። አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት 40 ኪሎ ካሎሪ ያህል ይይዛል። ስለዚህ አንድ ሰው የበርበሬ እንክብል ውጦ በወጡ ላይ ከአንድ የሻይ ማንኪያ ትንሽ ከፍ ያለ ዘይት ቢጨምር ሒሳቡ ይጣፋል። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ ሌላ ግምገማም ከመጠን በላይ ክብደት ባላቸው ሰዎች ላይ የተደረጉ ሙከራዎችን መርምሮ የተገኘው የክብደት ቅናሽ በአማካይ ግማሽ ኪሎ ግራም ገደማ መሆኑን አመልክቷል። ግማሽ ኪሎ አንድ ሰው ጠዋትና ማታ ሲመዘን ሊያየው የሚችለው ልዩነት ነው።

ስለ አጥንት የሚባለው

የአጥንቱ ጉዳይ ከክብደቱም ይልቅ የሳሳ ማስረጃ ያለው ነው። ፓይፐሪን አጥንትን የሚሰረስሩ ሕዋሳት እንዳይበዙ እንደሚያግዝ የሚጠቁም የላቦራቶሪ ሥራ አለ። ይህ የታየው ግን ከአይጥ በተወሰዱ ሕዋሳት ላይ ነው። በሌላ በኩል በአይጦች ላይ በተደረገ ሙከራ ከፍተኛ መጠን ያለው ካፕሳይሲን ተሰጥቷቸው የስሜት ነርቮቻቸው ሲጎዱ የአጥንታቸው ጥንካሬ ቀንሶ ተገኝቷል። አንዱ ሙከራ ይጠቅማል፣ ሌላው ይጎዳል ይላል። ከሁለቱ አንዱም ወጥ ለሚበላ ወይም እንክብል ለሚውጥ ሰው በቀጥታ አይሠራም። የበርበሬ እንክብል የሰውን አጥንት እንደሚያጠነክር የሚያረጋግጥ በቂ የሰው ላይ ማስረጃ የለም።

በዚህ ላይ ማስታወቂያዎቹ የማይናገሩት አንድ ነገር አለ። ሰው በፍጥነት ሲከሳ ከስቡ ጋር የጡንቻውና የአጥንቱ መጠንም ይቀንሳል። በተለይ የወር አበባ ያቋረጡ እናቶችና በዕድሜ የገፉ ሰዎች ምግብ ቀንሰው ክብደት ሲያወርዱ አጥንታቸው ይሳሳል። ስለሆነም “ክብደት ይቀንሳል፣ አጥንትም ያጠነክራል” የሚሉት ሁለት ተስፋዎች በአንድ ብልቃጥ ላይ ሲጻፉ እርስ በርስ ይጋጫሉ።

አጥንት የሚፈልገው የታወቀ ነው። ካልሲየም፣ ፕሮቲን፣ ከፀሐይ የሚገኝ ቫይታሚን ዲ እና አካልን የሚያሠራ ሥራ ያስፈልጉታል። ከእነዚህ አብዛኞቹ በዞኑ ቤቶች ባዕድ አይደሉም። በደዋ ጨፋ፣ በአርጡማ ፉርሲ፣ በጅሌ ጥሙጋና በደዌ ሐረዋ ከብት የሚያረባው ቤተሰብ ወተት አለው። ጤፍ ከአብዛኞቹ እህሎች የተሻለ ካልሲየም ይይዛል። ማሾ የፕሮቲን ምንጭ ነው። ለምለም ቃሪያም በቫይታሚን ሲ የበለጸገ ሲሆን ሰውነት ከእህልና ከጥራጥሬ የሚገኘውን የብረት ማዕድን በተሻለ ሁኔታ እንዲጠቀም ያግዛል። በርበሬው ሲደርቅ ግን ከዚህ ቫይታሚን አብዛኛው ይጠፋል።

ጉዳት የሚያደርስበት ጊዜ

በወጥ ውስጥ የሚገባው በርበሬ ለብዙ ሰው ችግር የለውም። እንክብል ግን ምላስ ሳያስጠነቅቅ ብዙ መጠን በአንድ ጊዜ ወደ ጨጓራ ያስገባል። የሆድ ማቃጠል፣ ማቅለሽለሽና ተቅማጥ የተለመዱ ጉዳቶች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2012 ከቱርክ የወጣ የሕክምና ዘገባ ለመክሳት ብሎ የበርበሬ እንክብል ሲወስድ የነበረ የ25 ዓመት ወጣት የልብ ደም ሥሩ ተኮማትሮ ለልብ ድካም አደጋ መጋለጡን ገልጿል። እንዲህ ያለው ነገር በየቀኑ የሚያጋጥም ባይሆንም “ተፈጥሯዊ ስለሆነ አይጎዳም” የሚለውን አባባል ውድቅ ያደርገዋል።

የቁንዶ በርበሬው ፓይፐሪን ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ጉበትና አንጀት መድኃኒትን የሚያብላሉበትን መንገድ ስለሚያዘገይ አንዳንድ መድኃኒቶች በደም ውስጥ ከታሰበው በላይ እንዲከማቹ ያደርጋል። ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ፌኒቶይን እና ለደም ግፊት የሚሰጠው ፕሮፕራኖሎል ይህ ከታየባቸው መካከል ናቸው። በጤና ጣቢያ ክትትል ላይ ያለ ሰው እንዲህ ያለ እንክብል ከመጀመሩ በፊት ለባለሙያው መንገር ይኖርበታል።

የምግብ ማሟያዎችን የመቆጣጠር ኃላፊነት በምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት የኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሲሆን በክልልና በወረዳ ደረጃም የጤና ተቆጣጣሪዎች አሉ። ያልተመዘገበ፣ የአምራቹ ስም፣ የተመረተበትና የአገልግሎት ዘመኑ የሚያበቃበት ቀን ያልተጻፈበት ብልቃጥ በሱቅም ሆነ በስልክ ትእዛዝ ሲመጣ ገዥው ሊቀበለው አይገባም።

ለዞኑ የሚበልጠው ጥያቄ

ስለ መክሳት የሚነገረው በዋናነት የከተማ ጉዳይ ነው። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆነ ሴቶች 22 በመቶው ከሚገባው በታች የከሱ ሲሆኑ ከሚገባው በላይ የወፈሩት 8 በመቶ ብቻ ናቸው። በዚያው ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት በአገር ደረጃ 38 በመቶ፣ በአማራ ክልል ደግሞ 46 በመቶ የሚሆኑት ለዕድሜያቸው ከሚጠበቀው ቁመት በታች ነበሩ። ስለዚህ በገጠር ቀበሌ የክብደትና የአጥንት ጥያቄ ሲነሳ ዋናው ጉዳይ የልጆች አጥንት እንዴት ይርዘም፣ እናቶች እንዴት ይጎልብቱ የሚለው ነው።

በርበሬ ወደዚህ ጥያቄ የሚገባው በሻጋታ በኩል ነው። በደንብ ያልደረቀ በርበሬ ላይ የሚያድግ ሻጋታ አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ያመነጫል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ አፍላቶክሲንን ለሰው ካንሰር እንደሚያመጡ ከተረጋገጡት ነገሮች ጎራ መድቦታል፤ የሚያጠቃውም በተለይ ጉበትን ነው። በቤኒንና በቶጎ የተደረጉ ጥናቶች በደማቸው ከፍ ያለ አፍላቶክሲን የተገኘባቸው ሕፃናት ቁመታቸው አጥሮ እንደታየ አመልክተዋል። በእነዚያ አገሮች ዋናዎቹ የመርዙ ምንጮች በቆሎና ለውዝ ናቸው፤ በርበሬ በአንድ ጊዜ የሚበላው በጥቂቱ ነው። ሆኖም በእኛ አገር በርበሬ በየቀኑ፣ በየማዕዱ የማይጠፋ በመሆኑ ሊናቅ አይገባም። መርዙ በማቁላላት ወይም በመቀቀል አይጠፋም።

ችግሩ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1996 በኢትዮጵያ ሜዲካል ጆርናል የታተመ ጥናት በአዲስ አበባ ከተወሰዱ የተፈጨ በርበሬና የሽሮ ናሙናዎች በአንዳንዶቹ አፍላቶክሲን ማግኘቱን ዘግቧል። በውጭ ገበያም ዋጋ ያስከፍላል። የአውሮፓ ኅብረት በአንድ ኪሎ ግራም በርበሬ ውስጥ ከ10 ማይክሮ ግራም በላይ ጠቅላላ አፍላቶክሲን እንዲኖር አይፈቅድም። አንድ ማይክሮ ግራም የአንድ ግራም አንድ ሚሊዮንኛ ነው። ኅብረቱ በ2012 ዓ.ም. በሥራ ላይ ባዋለው ደንብ ከኢትዮጵያ የሚገባ ደረቅ በርበሬ በድንበር ላይ ጠበቅ ያለ የአፍላቶክሲን ምርመራ እንዲደረግበት አድርጓል።

ሥራው ከማሳ እስከ ጆንያ

አፍላቶክሲንን የሚከላከለው ዋናው መሣሪያ ማድረቅ ነው። የተለቀመ በርበሬ ከክብደቱ ሦስት አራተኛው ያህል ውኃ ነው። ለደህና ማከማቻ ግን እርጥበቱ ወደ 10 ወይም 11 በመቶ መውረድ አለበት። ስለዚህ ከ100 ኪሎ እሸት በርበሬ የሚገኘው ደረቅ ዛላ 28 ኪሎ ገደማ ነው። ቅናሹ አርሶ አደሩን ሊያሳስበው ይችላል፤ ይሁን እንጂ የቀነሰው ውኃው ነው።

በአንዳንድ ቦታዎች ዛላው እንዳይሰበርና ሚዛን እንዲያነሳ ከሽያጭ በፊት ውኃ የመርጨት ልማድ አለ። 10 በመቶ እርጥበት ባለው 100 ኪሎ በርበሬ ላይ 5 ሊትር ውኃ ቢረጭ እርጥበቱ ከ14 በመቶ ያልፋል። ከዚያ በኋላ በጆንያ ታፍኖ የሚቆየው በርበሬ ለሻጋታ የተዘጋጀ ነው። ሻጩ የ5 ኪሎ ዋጋ ያገኝ ይሆናል፤ ነጋዴው ግን ሙሉውን ጭነት ሊያጣ፣ ተመጋቢውም ሊታመም ይችላል። ነጋዴው አንድ ጊዜ ከተጎዳ በሚቀጥለው ገበያ ለአካባቢው በርበሬ በሙሉ ዋጋ ይቀንሳል። ደረቅ አድርጎ ያመጣው ጎረቤትም አብሮ ይቀጣል።

የግብርና ባለሙያዎች ለአምራቹ የሚመክሩት የሚከተለውን ነው። በርበሬው ሙሉ ለሙሉ ቀልቶ በተክሉ ላይ እንዳለ መጨማደድ ሲጀምር በየጊዜው እየመረጡ መልቀም፤ የቆሰለውን፣ በተባይ የተበሳውንና የነጣውን ከመልካሙ መለየት፤ በመሬት ላይ ሳይሆን ከመሬት ከፍ ባለ የእንጨት ቆጥ፣ በሰሌን ወይም በንጹሕ ሸራ ላይ በስሱ ማስጣት ያስፈልጋል። በቀን ደጋግሞ ማገላበጥ፣ ማታ ከጤዛ መሸፈን፣ ፍየልና ዶሮ እንዳይደርስበት ማጠርም ተገቢ ነው። በአስፋልት ዳር ማስጣት ፈጥኖ የሚያደርቅ ቢመስልም አቧራ፣ የመኪና ጭስና የከብት እበት ያስገባበታል።

በዞኑ ልዩ ጥንቃቄ የሚያሻው በመስኖ ለሚመረተው ነው። በመኸር የደረሰ በርበሬ ከጥቅምት በኋላ ያለውን ፀሐይ ያገኛል። በቦርከናና በሌሎች ወንዞች ዳር በመስኖ የሚለማው ግን የሚለቀምበት ጊዜ ከበልግ ዝናብ ጋር ሊገጥም ይችላል። ዝናብ ሊመጣ ሲል ሁሉንም በርበሬ ለማድረቅ ከመሞከር ከፊሉን በቃሪያነት በእሸቱ መሸጥ የተሻለ ነው። የችግኝ መደቡም ከዚህ አንጻር ቀኑ ተቆጥሮ ሊዘራ ይገባል። የደረቀው በርበሬ አየር በሚያስገባ ጆንያ ተሞልቶ ከግድግዳ ርቆ በርብራብ ላይ ይቀመጥ። ለእህል ማከማቻ ያልተፈቀደ ኬሚካል መርጨት የተከለከለ ነው።

ለኢንዱስትሪ ማቅረብ ቢታሰብስ?

ስለ እንክብሎቹ የሰማ አምራች “ታዲያ እኛስ ለፋብሪካ ብናቀርብ?” ብሎ መጠየቁ አይቀርም። መንገዱ አለ። ለአብነት ከአገራችን ዝርያዎች ማረቆ ፋና በጥቁር ቀይ ቀለሙ የተነሳ የበርበሬ ቀለምና ጭማቂ ለሚያወጡ ፋብሪካዎች ጥሬ ዕቃ ሆኖ አገልግሏል። ዝርያው በጥሩ አያያዝ በሄክታር ከ15 እስከ 20 ኩንታል ደረቅ ዛላ ይሰጣል። ፋብሪካው የሚከፍለው ግን ለቀለሙ፣ ለጥራቱና ለድርቀቱ ነው። ሻጋታ ያለበትን በርበሬ መጭመቅ መርዙን ወደ ውጤቱ ሊያሻግረው ስለሚችል የፋብሪካው በር የሚከፈተው ለደረቀና ለጠራ ምርት ነው። በመሆኑም ለእንክብል፣ ለውጭ ገበያም ሆነ ለባቲ ገበያ የሚያስፈልገው የመጀመሪያ ሥራ አንድ ዓይነት ነው።

ከአመራሩ የሚጠበቀው

ይህ ሥራ በአርሶ አደሩ ላይ ብቻ የሚጣል አይደለም። ሸራና ማድረቂያ ቆጥ ለአንድ ቤተሰብ ውድ ሊሆን ይችላል፤ በኅብረት ሥራ ማኅበር በኩል በጋራ ሲዘጋጅ ግን ወጪው ይቀልላል። የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች የማድረቅ ትምህርቱን ከለቀማው በፊት፣ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ፣ በማሳ ላይ ማሳየት ይችላሉ። የንግድ ጽሕፈት ቤቶች በባቲ ሰኞ ገበያና በሰንበቴ እሑድ ገበያ ውኃ የተረጨበትን፣ በተፈጨው ውስጥም ባዕድ ነገር የተቀላቀለበትን በርበሬ ሊቆጣጠሩ ይገባል። የጤና ጽሕፈት ቤቶች ድርሻ ደግሞ በየሱቁና በየስልኩ የሚሸጡ ያልተመዘገቡ እንክብሎችን መከታተልና ለኅብረተሰቡ ግልጽ መረጃ መስጠት ነው። ሦስቱ ጽሕፈት ቤቶች በየፊናቸው ከሚሠሩ ተቀናጅተው በየምርት ወቅቱ ጥቂት ናሙና ወደ ላቦራቶሪ ቢልኩ በየትኛው ቀበሌ ምን ዓይነት ችግር እንዳለ በማስረጃ ሊያውቁ ይችላሉ።

ለአርሶ አደሩ የሚቀረው መልእክት ቀላል ነው። ክብደት ለመቀነስ ወይም አጥንት ለማጠንከር ተብሎ ለእንክብል የሚወጣው ገንዘብ ለልጆች ወተትና እንቁላል፣ ለማሳው ደግሞ ለአንድ ሸራ ቢውል ትርፉ የሚታይ ነው። የባቲ ገዥ እፍኝ ዛላ አንስቶ ሲወዘውዝ የሚሰማው ድምፅም በቤት የሚበላው በርበሬ የደረቀ መሆኑን ለመለየት ማንም ሰው ሊጠቀምበት የሚችል መመርመሪያ ነው። የሚንሿሿው ወደ ወፍጮ ይሂድ፤ የማይንሿሿው ወደ ፀሐዩ ይመለስ፤ የሻገተው ግን ለሽያጭም ለቤትም ሳይውል ይወገድ።